ሁለተኛው ሳንቲም

ታይፔ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሺዙኤ ኩዋባራ፣

እንደምን ሰነበቱ? አገር ቤት ኢማባሪ ላይ የቼሪው አበባ እየረገፈ ይሆናል፤ ጉልበትዎን የሚያሳምምዎት ብርድም አብሮት እንዲሄድ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ታይፔ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሞላኝ፤ ከዝናቡ በቀር የምከሰው ነገር የለኝም። በባለቤትዎ በአጎቴ በማሳሃሩ ሙት ዓመት ላይ ባለመገኘቴ ግን አፍሬያለሁ። አባቴ በሕይወት ቢኖር "ወንድሜ ሲታሰብ ልጄ የት ነበር?" ብሎ ይቆጣኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ትልቅ ሳጥን ይደርስዎታል። ሁለት ዓመት የለፋሁበት፣ ሳንቲም እየገባበት የሚጫወቱት የጌም ማሽን ነው። አንዲት ትንሽ ጀልባ ሰው ጭና በደሴቶች መካከል ትሻገራለች፤ ውሃው ይገፋታል፤ ካልተጠነቀቁ ትሰምጣለች። አንድ መሪ፣ አንድ ቁልፍ፣ ሌላ ነገር የለውም። አለቃዬ አቶ ሊያንግ ቁርጡን ነግሮኛል፦ "ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው ተሸንፎ ሲያበቃ በገዛ ፈቃዱ ሁለተኛ ሳንቲም ካስገባ፣ ደግሞም ከሁሉ የበለጠው ተጫዋች እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ጨርሶት ካልተወው እንሠራዋለን። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሳጥኑን አስመጥቼ እበታትነዋለሁ።"

በልጅነቴ ክረምቱን ሁሉ ያሳለፍኩት በእናንተ ቤት ነውና ከእርስዎ ከሺዮካዜ ጌም ቤት የተሻለ ቦታ አልታየኝም። እባክዎን ተጫውቶ የሚነሳውን ሁሉ የላክሁትን ወረቀት ያስሞሉልኝ። ስልክ እንደማይሰሙ ስለማውቅ በፖስታ እጠብቃለሁ።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ።
ታኩማ


ኢማባሪ፣ ኤፕሪል 27

ለታኩማ፣

ባለህበት ሰላም ሁን። ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ ጉልበቴ ደህና ነው። የሚያመኝ ወገቤ ነው፤ ያንተን ሳጥን ስገፋ ነዋ የዋልኩት! አመላላሾቹ "የታዘዝነው ደጃፍ ድረስ ነው" ብለው መንገድ ላይ ጥለውት ሄዱ። በሩ ጠበበ። ኦቺ መጥቶ በሩን ከነማጠፊያው ነቀለልኝ። ኦቺን ታስታውሰዋለህ፣ የመርከብ ፋብሪካው በያጅ። ሐኪም ሲጋራ ከከለከለው ወዲህ ያልተለኮሰ ሲጋራ አፉ ላይ ሰክቶ ነው የሚጫወተው። በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ የበለጠው ሰው የለም።

ደግሞስ ጠርዝ የሌለው ሳጥን የሚሠራ ማን ነው? ሰው ተራ የሚይዘው ሳንቲሙን ማሽኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ መሆኑን ረሳኸው? ያንተ ሳጥን ፊቱ ተዳፋት ነው፤ ሳንቲሙ ተንሸራቶ መሬት ይወርዳል፤ ሁለት ሰዎች "ተራው የኔ ነው፣ የኔ ነው" ተባብለው ሊጣሉ ነበር። ኦቺ ቀጭን እንጨት ቸነከረበት። አለቃህ እንዳይቆጣ፤ ቢቆጣም የራሱ ጉዳይ ነው።

ወረቀትህን አስሞልቻለሁ። አርባ ስድስት ነው፣ እነሆ። ከማሽኑ ጀርባ ያለው ቆጣሪ የመዘገበውን የሳንቲምና የሰከንድ ቁጥርም ገልብጫለሁ። ሁሉም ወደውታል። ዓሣ ሻጯ ቶኪኮ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ በዕድሜዋ ማሽን ነክታ አታውቅም፤ አንዴ ተቀምጣ አምስት ሳንቲም አስገባች። የደረቀ ትንንሽ ዓሣ ልኬልሃለሁ። እዚያ የሚበሉትን ዓሣ አላውቀውም፤ አላምነውምም።

እጅህን ያፍታታልህ።
ሺዙኤ


ታይፔ፣ ሜይ 12

ለተከበሩ አክስቴ፣

ወገብዎ እንዴት ሆነ? ስለ ሳጥኑም ስለ ጠርዙም በጣም ይቅርታ። ዓሣው ደርሶኛል፤ ቢሮው በሙሉ ሸተተ፤ አቶ ሊያንግ እንኳ ሁለት ፍሬ ቀምሷል።

ቁጥሩን ሳይ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ጀማሪው ሁሉ ሁለት፣ ሦስት ሳንቲም! አቶ ሊያንግ ፈገግ ሲል ከተቀጠርኩ ጀምሮ መጀመሪያዬ ነው።

ግን አክስቴ፣ ወረቀቶቹ! በአርባ ስድስቱም ላይ "በጣም ደስ ይላል፣ በርቱ" ይላል። አንዱማ "የወይዘሮ ሺዙኤ ሻይ ጥሩ ነበር" ብሎ ጽፏል። ይህን ይዤ ምን ልሥራ? የት ላይ ሰመጡ? ምኑ ግራ አጋባቸው? አንድም የሚያማርር ሰው እንዴት ይጠፋል? ሰዎቹ ሲጽፉ እርስዎ የት ነው የሚቆሙት? ኦቺስ የት ደረሰ? ስለ ኦቺ አንድ ቃል አልጻፉልኝም።

በመልስዎ እንዳይዘገዩብኝ።
ታኩማ


ኢማባሪ፣ ሜይ 30

ለታኩማ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል፤ ዘገየሽ አትበለኝ።

የት ነው የምትቆሚው ትለኛለህ። አጠገባቸው ነዋ! ሰው ወረቀት ሲሞላ እስክሪብቶ ማን ያቀብለው? ሻይስ?

የት ሰመጡ ትላለህ። አልሰመጡም። እኔ እያለሁ እንዴት ይሰምጣሉ? ቶኪኮ ስትቀመጥ ከጎኗ ቆሜ "አይዞሽ፣ ገና ነው፣ ገና... አሁን! አሁን ተጫኚ!" እላታለሁ፤ ትሻገራለች። ሌላውም እንደዚሁ። በመጨረሻ ቢሰምጡም ሩቅ ሄደው፣ ደስ ብሏቸው ነው። ሰው ደጄ መጥቶ በመጀመሪያ ሳንቲሙ ሰው ፊት ሲዋረድ ቆሜ አላይም። ይህ ደንብ ቤቱ በተከፈተ ማግሥት የወጣ ነው፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

ኦቺ ያልከው፣ እሱ ጨርሶታል። ከሦስተኛው ደሴት ጀርባ ውሃው የማይደርስበት ጥግ አግኝቷል። ጀልባዋን እዚያ ያቆማታል፤ ነጥቡ ብቻውን ይቆጥራል። ትናንት ምሳውን በልቶ፣ መታጠቢያ ቤት ሄዶ ገላውን ታጥቦ ሲመለስ ጀልባዋ እዚያው ናት፤ ነጥቡ ሰማይ ነክቷል። "ለምን ወረቀቱ ላይ አልጻፍከውም?" ስለው "ልጁ እንዳይከፋው" አለኝ።

ሲያመቸኝ መንደሪን እልካለሁ።
ሺዙኤ


ታይፔ፣ ጁን 9

አክስቴ፣

ስለ ጤናዎና ስለ ጣሪያው አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬ አልቻልኩም።

ጌሙን የተጫወቱት እርስዎ ነዎት! ቶኪኮ ጣቷን ነው ያዋሰችዎት! እኔ እዚህ አለቃዬ ፊት ደረቴን ነፍቼ "ጀማሪው ተሻገረ" እላለሁ፤ ለካ ያሻገሩት እርስዎ ነዎት። ይህ ጌም ነገ ስንት ቤት ይገባል። ለእያንዳንዱ ቤት አንዳንድ ሺዙኤ አሽጌ ልላክ?

ኦቺም ኦቺ ነው። "ልጁ እንዳይከፋው!" ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰው እንዲከፋኝ ብሎ ቢነግረኝ እጁን እስም ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለማሽኑ አዲስ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ልኬያለሁ፤ ኦቺ ይግጠመው፤ አገጣጠሙን ሥዬበታለሁ። ያንን ጥግ ደፍኜዋለሁ። አሁን ውሃው የማይደርስበት ቦታ የለም። እርስዎን ግን እለምንዎታለሁ፦ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ ይቀመጡ። አያስተምሩ። "አሁን" አይበሉ። አያስሉ። ሻይም ይቅር።

በአክብሮት፣
ታኩማ


ኢማባሪ፣ ጁላይ 4

ለታኩማ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ ሲከፋኝም ሰላምታ አልረሳም።

ዝም አልኩ። እንዳልከኝ ተቀመጥኩ፤ ሻይም ከለከልኩ፤ ሰዉ "ሴትዮዋ ታመመች እንዴ?" እያለ ነው። ቶኪኮ መጣችና ተቀመጠች። ወደ እኔ ዞራ "አሁን ነው?" አለችኝ። ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሰመጠች። ጉንጯ ቀላ፤ ቦርሳዋን አንስታ "ዓሣው ይበላሽብኛል" ብላ ወጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ በደጄ አታልፍም፤ በወዲያኛው መንገድ ዞራ ነው ቤቷ የምትገባው። አርባ ዓመት የተጎራበትኳት ሴት!

ቁጥሩን ትፈልጋለህ፤ ያው። ሠላሳ አንድ አዲስ ሰው ተቀምጧል። ሁለተኛ ሳንቲም ያስገባ አንድም የለም። ደስ ያለው ኦቺ ብቻ ነው፤ "አሁን ገና ጌም ሆነ" ይላል። በአንድ ኦቺ ቤት አይከፈትም። ደንበኞቼን አባረርክብኝ፤ እንግዲህ ደስ ይበልህ።

የት ሰመጡ ብለህ ደግሞ እንዳትጠይቀኝ። እንዳላይ አይደል ያልከኝ?
ሺዙኤ


ታይፔ፣ ጁላይ 13

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሙቀቱ እንዴት ይዞዎታል? ያለፈው ደብዳቤዬ ስድ ነበር፤ ስለ እሱ አንገቴን ደፍቻለሁ። ለወይዘሮ ቶኪኮ ይሆን ዘንድ የአናናስ ኬክ ልኬያለሁ፤ በእኔ ስም ይስጡልኝ።

ግን የት እንደሚሰምጡ ካላወቅኩ ምኑን ላስተካክለው? አዲሱ ሰው ተዋርዶ ይሮጣል፤ አይናገርም። ኦቺ ደግሞ ጀማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ከረሳ ሃያ ዓመቱ ነው፤ እኔም ያው። አስቤ አስቤ አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ሠላሳ ዓመት ጌም ቤት ይዞ አንድ ቀን ሳንቲም ሲያስገባ ያላየሁት ሰው። እርስዎ።

ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ብቻዎን ይቀመጡና አንድ ጊዜ ይጫወቱ። የት እንደሰመጡና ምን እንደተሰማዎት ይጻፉልኝ። ምን አለበት? ቁጥሩ እንደሚለው ጀማሪው በስምንት ሰከንድ ይሰምጣል። ስምንት ሰከንድ ነው፣ ማንም አያይዎትም።

ታኩማ


ታይፔ፣ ኦገስት 5

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደህና ነዎት? መልስ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት ሄጄ ጠይቄ ነበር፤ "ካልመጣ አልመጣም" አሉኝ።

ታመው ከሆነ ኦቺ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ተቆጥተው ከሆነም እርስዎ አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ ሊሰድቡኝም ይችላሉ። ሃምሳ ስድስት ቀን ነው የቀረን። አቶ ሊያንግ በየጠዋቱ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርልኛል። አንድ ጊዜ መጫወት ይህን ያህል ከባድ ነገር ነው እንዴ? አልገባኝም፣ በእውነት አልገባኝም።

ታኩማ


ኢማባሪ፣ ኦገስት 19

ለታኩማ፣

የሙታን በዓል በደህና አለፈ። መቃብሩን አጥቤ፣ አበባ አድርጌ፣ ማሳሃሩን "ይሄ ልጅ አውቆ ነው ወይስ ረስቶ?" ብዬ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም። በሕይወቱም ቢሆን ሲጠየቅ ቶሎ የሚመልስ ሰው አልነበረም።

ረስተሃል ብዬ ልመን። ቤቱ የተከፈተ ቀን ሰባት ዓመትህ ነበር። ማሳሃሩ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠርቶ "የመጀመሪያውን ሳንቲም ባለቤቴ ታስገባለች" አለ። አዲስ ኪሞኖ ለብሼ ነበር። ተቀመጥኩ። አንተ በርጩማ ላይ ቆመህ ጮክ ብለህ ትቆጥር ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንት ስትል ሞትኩ። "አክስቴ በስምንት ሰከንድ ሞተች!" ብለህ ጮኽክ፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ማሳሃሩም ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በገበያው መንገድ ሳልፍ "ስምንት ሰከንድ መጣች" ይሉኝ ነበር። አንድ ሁለት ዓመት አልልህም፤ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ሰው ብቻውን አይቀመጥም ያልኩት ለዚህ ነው። አንተ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆነህ "ስምንት ሰከንድ ነው፣ ምን አለበት?" አልከኝ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ ቀድጄ ልጥለው አነሳሁት።

ከዚያ በንዴት ተነስቼ ሄድኩና ተጫወትኩልህ። ዛሬ ጠዋት፣ ብቻዬን፣ በሩን ቆልፌ። በአሥራ አንድ ሰከንድ ሰመጥኩ። በሠላሳ ዓመት ሦስት ሰከንድ አሻሽያለሁ። ሁለተኛ ሳንቲም አላስገባሁም፤ እጄም አላሰበውም።

የት ሰመጥሽ አልከኝ። መጀመሪያው ላይ። ለምን? ጀልባህ አትጠብቅማ! አባቴ በኩሩሺማ ወሽመጥ ሰው ሲያሻግር ኖሮ የሞተ ነው፤ አንድ ቀን ሰው አልሰመጠበትም። ውሃው ሲከፋ ይቀመጣል፤ ውሃው ሲያርፍ ይሻገራል። ምንም የማያውቅ ሰውም ቢሆን መጠበቅ ይችላል። ያንተ ውሃ ግን ገና ሳልቀመጥ ይገፋኛል፤ የማርፍበት አንድ ጥግ የለም። የነበረውንም የኦቺን ጥግ ደፈንከው።

ይኸው ነገርኩህ።
ሺዙኤ


ታይፔ፣ ሴፕቴምበር 2

አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ በርጩማው ትዝ አለኝ። ቀለሙ አረንጓዴ ነበር፤ አንድ እግሩ ያጥር ነበር። ሲስቁልኝ እንዴት ደስ እንዳለኝም ትዝ አለኝ። እርስዎን ግን አላየሁዎትም፤ ፊትዎ ምን እንደሆነ አላስታውስም፣ ምክንያቱም ወደ ሰዉ ዞሬ ነበር። "ጌም ሠሪ የሆንኩት በአክስቴ ቤት ነው" እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለኝም። ይቅር ይበሉኝ።

አሥር ቀን ከቢሮ አልወጣሁም። አብሮ በላክሁት አዲስ ሰሌዳ ጥጉን መልሼ ከፍቼዋለሁ፤ አንድ ብቻ ሳይሆን በየደሴቱ አንዳንድ። ውሃው ይከፋል፤ ከዚያ ያርፋል። የጠበቀ ሰው ይሻገራል፤ ማንም ይሁን። ነገር ግን እየጠበቀ ሳለ ነጥብ አይቆጥርም። ነጥብ የሚፈልግ ሰው ውሃው ሳያርፍ መውጣት አለበት፤ በቀደመ ቁጥር ነጥቡ ይበዛል፣ ውሃውም ይበረታል። ለጀማሪውና ለኦቺ ባሕሩ አንድ ነው። ልዩነቱ መቼ ለመውጣት እንደደፈሩ ብቻ ነው። ይህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ አባትዎ ናቸው።

አመላላሾቹ ሴፕቴምበር 30 ቀን ይመጣሉ፤ አቶ ሊያንግ አስቀድሞ አዟቸዋል። ቁጥሩን ገልብጠው ሳጥኑን ይወስዳሉ። እስከዚያ አንድ ጀማሪ ሁለተኛ ሳንቲም ካላስገባ አብቅቷል። እንዲጫወቱ ግን ዳግመኛ አልጠይቅዎትም።

ታኩማ


ኢማባሪ፣ ሴፕቴምበር 30

ለታኩማ፣

ጤናህን ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ተናድጃለሁ እንጂ።

ሰሌዳውን ኦቺ ገጠመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ጠብቆ መሻገር ይችላል፤ አይጠብቅም! ከከፋው ውሃ ውስጥ ዘሎ ይገባል፣ ይሰምጣል፣ ሌላ ሳንቲም ያስገባል። ሲጋራውን ሳይለኩሰው አኝኮ ጨረሰው። "አርፈህ ጠብቅና ተሻገር" ስለው "ወይዘሮ፣ እሱማ ማንም ይችላል" አለኝ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ግማሹ እንኳ አልደረሰም።

አዲስ ሰው ግን የለም። የቶኪኮ ነገር በሰፈሩ ተወርቷል፤ ሳጥኑ አጠገብ የሚደርስ ጠፋ። ዛሬ ረፋዱ ላይ አመላላሾቹ ገመድና ጋሪ ይዘው ከች አሉ። ኦቺ እየተጫወተ ነበር፤ "ተነስ" አሉት። ቶኪኮም ያዘዝኩትን ዓሣ አድርሳ በሩ ላይ ቆማለች፤ ኬክህን ከበላች ወዲህ በደጄ ታልፋለች። ጫማ ሰፊውም ነበረ። እንግዲህ ማን ይቀመጥ? ሽርጤን ፈታሁና ተቀመጥኩ።

ሳንቲም አስገባሁ። ውሃው ከፋ፤ ጥጉ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፣ እንደ አባቴ። ኦቺ ከኋላዬ ሆኖ "አሁን! አሁን ይጫኑ!" ብሎ ጮኸ። "ዝም በል! ሰው ሲጫወት አይነገረውም!" አልኩት። ታኩማ፣ ይህ ከአፌ ሲወጣ ራሴው ደነገጥኩ። ውሃው አረፈ፤ ተሻገርኩ። ደግሜ ተሻገርኩ። ሦስተኛው ላይ "እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?" አልኩና ከነማዕበሉ ወጣሁ። አባቴ ቢያይ በመቅዘፊያው ይለኝ ነበር። ሰመጥኩ።

ሁሉም ሳቁ። ቶኪኮ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። ሠላሳ ዓመት የፈራሁት ሳቅ ይኸው መጣ፤ እኔ ግን ብዙም አልሰማሁት፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ሳንቲም ይፈልግ ነበር። ሁለተኛውን አስገባሁ። ማንም አልነገረኝም። አንተም ሳቅ፤ ፈቅጄልሃለሁ።

ቀና ስል ቶኪኮ ሳንቲሟን ጠርዙ ላይ አስቀምጣለች። ከአመላላሾቹ አንዱ ገመዱን መሬት ጥሎ የራሱን ከጎኗ ደረደረ። ኦቺ አራተኛ ነው፤ እየተነጫነጨ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ለአቶ ሊያንግ ስጠው፤ አብሬ ልኬዋለሁ። ሳጥኑን ግን አልሰጠሁም። ማየት ከፈለገ ራሱ ይምጣ፤ እንደማንም ሰው ሳንቲሙን ጠርዙ ላይ ያስቀምጥና ተራውን ይጠብቅ።

አክስትህ ሺዙኤ